የ23.4 ጉዳይ

ባለፈው ክረምት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ቁጥር ነው። ወደ ፕሮግራሜ ሲገባ 23.4 ነበር፤ ሲወጣ 23.400000000000002 ሆነ። ቁጥሩ የዝናብ መጠን ነው፣ በሚሊ ሜትር። መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው 2 ለገበሬም ሆነ ለግድብ ምንም አትጨምርም፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ወስደን ብንሰነጣጥቃት እንኳን እዚያ መጠን ላይ አንደርስም። ሆኖም ልጽፍ የተነሣሁት ቁጥሮችን ሳያጎድል፣ ሳይጨምር፣ በትንሽ ቦታ አምቆ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነበር። ለእንዲህ ያለው ፕሮግራም ትንሽ ስሕተት የሚባል ነገር የለም። ወይ ያው ቁጥር ተመልሷል፣ ወይ አልተመለሰም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከወረቀቱ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት የዝናብ መዝገቦችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ሥራ ላይ ተሰማርቼ ነበር። መዝገቦቹ ሰፋፊ፣ በመስመር የተከፋፈሉ ቅጾች ናቸው። አንዳንዶቹ የጭስ ሽታ አላቸው፤ የአንዳንዶቹን ጠርዝ አይጥ ቀምሶታል። በየጣቢያው አንድ ሰው አለ። ጠዋት በ3 ሰዓት ወደ መለኪያው ይሄዳል፤ ባለፉት 24 ሰዓታት የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስፈሪያው ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያነባል፤ ይጽፋል። 23.4። ከነጥቡ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ። 23.41 ብሎ የጻፈ ሰው በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አላየሁም፤ መስፈሪያው አይፈቅድለትም። ዝናብ ካልጣለ 0.0 ይጽፋል። ሳይነበብ የቀረ ቀን ካለ፣ ሰውየው ታሞም ይሁን ለቅሶ ሄዶ፣ በቦታው ሰረዝ ያደርጋል። እኛ ደግሞ ያችን ሰረዝ ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ -9999 እናደርጋታለን። ይህችን -9999 አትርሱብኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ያ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ 64 ቢት፣ ማለትም 64 የ0 ወይም የ1 ቦታ ይይዛል። አንዱ ቢት ለምልክት፣ 11ዱ ለአርቢ፣ የቀሩት 52ቱ ለቁጥሩ አካል። ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1985 በጸደቀው አይ ትሪፕል ኢ 754 በተባለው ደረጃ የተደነገገ ነው። ዋነኛው አርቃቂ ዊሊያም ካሃን በዚህና በተያያዙ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1989 የቱሪንግን ሽልማት አግኝቷል። የሚገባውም ነበር፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የኮምፒውተር አምራች በራሱ መንገድ ያሰላ ስለነበር፣ አንዱ ማሽን ላይ የተሠራ ስሌት ሌላው ላይ ሲደገም ውጤቱ ይለያይ ነበር።

ነገር ግን ሁለትዮሽ ሁለትዮሽ ነው፤ በ0ና በ1 ብቻ ይጽፋል። አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ስንጽፍ 0.333 እያልን ማለቂያ እንደማናገኝ ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ የዝናብ ለኪው 23.4 ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው በጣም ቅርብ በሆነው ጎረቤቱ ነው፤ እሱም 23.399999999999998579 እያለ የሚቀጥል ቁጥር ነው። ስንጠይቀው «23.4» ብሎ የሚመልስልን ከጨዋነት ነው እንጂ እውነቱስ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ። ብዙ መረጃ የሚያከማች ሰው ዛሬ ፓርኬት ከተባለው የፋይል ዓይነት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ፓርኬት እ.ኤ.አ. በ2013 የትዊተርና የክላውዴራ መሐንዲሶች አንድ ላይ ሆነው ያወጡት፣ ኋላም በአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጥላ ሥር የገባ ክፍት ምንጭ ሥራ ነው። መነሻ ሐሳቡ ጉግል ድሬሜል ስለተባለው ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ካሳተመው ጽሑፍ የተቀዳ ነው። እንደ ተለመደው መዝገብ ረድፍ በረድፍ አይጽፍም፤ ዓምድ በዓምድ ይጽፋል። የጣቢያው ስም ሁሉ በአንድ ላይ፣ ቀኑ ሁሉ በአንድ ላይ፣ የዝናቡ መጠን ሁሉ በአንድ ላይ። የሐምሌን አማካይ ዝናብ የሚፈልግ ሰው የጣቢያውን ከፍታና የአንባቢውን ስም ሳይነካ ያልፋል። ከዚህም በላይ ተመሳሳይ ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማመቅ ይቀላል። ቅንጣት ጤፍ ከባቄላ ጋር ተቀላቅሎ ጆንያ ውስጥ ሲገባና ለየብቻው ሲገባ እንደሚለየው ማለት ነው።

እያንዳንዱ ዓምድ በምን ስልት እንደተጻፈ በፋይሉ ውስጥ በቁጥር ተመልክቶ ይቀመጣል። ይህን ስልት ኢንኮዲንግ ይሉታል። 0 ማለት እንዳለ የተጻፈ፣ 5 ማለት በተከታታዮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ የተጻፈ፣ 8 ማለት በመዝገበ ቃላት የተተካ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ ተዘርዝሮ በየቦታው ተራ ቁጥሩ የተጻፈ፣ እያለ ይቀጥላል። 1 ቁጥር የለችም። በመጀመሪያ ለአንድ ስልት ተመድባ ነበር፤ ስልቱን ማንም ሳይጠቀምበት ቀረና ተሰረዘ፤ ቁጥሯ ግን ለሌላ አልተሰጠም። አንድ ጊዜ የታወጀ ቁጥር ሞቶም ቦታውን አይለቅም። ይህች ባዶ ወንበር ስለ ፓርኬት ብዙ ትነግረኛለች።

ለሙሉ ቁጥሮች ጥሩ ጥሩ ስልቶች አሉ። ለጽሑፍም አሉ። ተንሳፋፊ ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች፣ እንደ 23.4 ያሉት፣ ግን እንደ እንጀራ ልጅ ነበሩ። የተለያዩት ዋጋዎች ጥቂት ከሆኑ መዝገበ ቃላቱ ይረዳል፤ ከበዙ መዝገበ ቃላቱ ራሱ ያብጥና ይተዋል። 9 ቁጥር የተሰጠው ስልት ለእነሱ ታስቦ የመጣ ነው፤ የየቁጥሩን የመጀመሪያ ባይት፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቢቶች፣ በአንድ ላይ፣ ሁለተኛውን በአንድ ላይ፣ እያለ ስምንቱንም ይለያል። ብልሃቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ራሱ አንዲት ባይት እንኳን አይቀንስም፤ ከኋላው ለሚመጣው እንደ ዚስታንዳርድ ላለ ጠቅላላ አማቂ ሥራውን ያቀልለታል እንጂ። ያ አማቂ ደግሞ ያሰረውን ሲፈታ አንድ ቁጥር ብቻ ብትፈልግም ጥቅሉን በሙሉ ይፈታል።

ከፓርኬት ውጭ የተሞከሩ መንገዶችም ነበሩ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ጎሪላ፣ አንዱን ቁጥር ከቀደመው ጋር ቢት በቢት አነጻጽሮ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። በየሴኮንዱ ለሚመጣ ልኬት ግሩም ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመውን እጅ ይዞ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ብዙ ቁጥሮችን ባንድ ጊዜ ማስላት ለሚችል ለዛሬ ፕሮሰሰር ይህ ቀርፋፋ ሰልፍ ነው።

ከዚያ አልፕ የተባለው የማመቂያ ስልት መጣ። የመጣው ከአምስተርዳም፣ ከሆላንድ ብሔራዊ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ተቋም ነው፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተወለደበት ቤት። አዚም አፍሩዘህ፣ ሊዮናርዶ ኩፎ እና ፒተር ቦንትስ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ያሳተሙትን ጽሑፍ ሳነብ ከወንበሬ ያስነሣኝ ሒሳቡ አልነበረም። ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚገባው ነው። ያስነሣኝ ግምታቸው ነው። ሰዎች በዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጧቸው አብዛኞቹ ተንሳፋፊ ቁጥሮች በመጀመሪያ አስርዮሽ ነበሩ፤ ዋጋ በብርና በሳንቲም፣ ሙቀት በአንድ አሃዝ፣ ዝናብ በአንድ አሃዝ። 64ቱ ቢት ልብስ ነው። ከልብሱ ሥር ጠዋት በ3 ሰዓት ጎንበስ ብሎ ያነበበ ሰው የጻፋቸው ሦስት አሃዞች አሉ። እነሱን ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው።

እንዴት? 23.4ን በ10 አባዛው፤ 234። ይህ ሙሉ ቁጥር ነው። የአንድ ጣቢያ ዝናብ ከ0.0 እስከ 118.6 ከሆነ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 1186 ይሆናሉ፤ ለእነዚህ 11 ቢት ይበቃል። አልፕ ቁጥሮችን በ1024 በ1024 ይመድባል። በቀድሞው አጻጻፍ 8192 ባይት የሚይዘው ምድብ በ11 ቢት 1408 ባይት ይሆናል። ለመመለስ ደግሞ በ0.1 ታባዛዋለህ። አለቀ።

አለቀ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ጽሑፉን በግማሽ ልብ አንብቤ፣ ገባኝ ብዬ፣ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። 234 በ0.1 ሲባዛ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ 23.400000000000002 መጣ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ስሕተቱን ኮዴ ውስጥ ስፈልግ አነጋሁ። በሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ። 0.1 ራሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ትክክለኛ አይደለም፤ በጥቂቱ ይበልጣል። ያ ብልጫ በ234 ሲባዛ፣ በ23.4 ዙሪያ ካሉት ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች ወደ ተሳሳተው ለመገፋት በቂ ሆነ። በ10 ብናካፍለው ኖሮ ትክክለኛው ይመጣ ነበር። ግን ማካፈል ለፕሮሰሰር ከማባዛት እጅግ የከበደ ሥራ ነው፤ የስልቱ ፍጥነት እዚያው ይሞታል። የአምስተርዳሞቹን ጽሑፍ እንደገና ስከፍተው መልሱ እኔ የዘለልኩት አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ አርቢ ሳይሆን ሁለት ይጠቀማሉ። በ10 ከማባዛት በ10 ላይ 14 (ከ1 በኋላ 14 ዜሮ) ያባዛሉ፤ ቀጥለው በ10 ላይ ከዜሮ በታች 13 (ከነጥቡ በኋላ 13ኛው ቦታ ላይ 1 ያለበት ቁጥር) ያባዙታል። ሲመልሱም በተቃራኒው፤ 234ን በ10 ላይ 13 አባዝተው በ10 ላይ ከዜሮ በታች 14 ያባዙታል።

በወረቀት ላይ ያው አንድ ነው። ማንም የሒሳብ መምህር «ምን አደከመህ» ይላል። በማሽኑ ውስጥ ግን 0.1 የተሸከመው ስሕተትና 10 ላይ ከዜሮ በታች 14 የተሸከመው ስሕተት አይወዳደሩም፤ የኋለኛው፣ በንጽጽር፣ ከ40 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። እርሳሴን ይዤ ክፍልፋዩን ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ ከቀጥተኛው ይልቅ እውነተኛ ነው። ለካስ ሰው አቋራጭ ያለው መንገድ ቁልቁለት የበዛበት ነበር። 234 ሄዶ፣ 23.4 ሆኖ ተመለሰ፤ 64ቱም ቢት በቦታቸው።

እግረ መንገዴን ስለ ማጠጋጋቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለሥራው የግድ ባያስፈልግም ደስ ስለሚለኝ ነው። ቁጥርን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት በተለመደው ትእዛዝ ዝግ ይላል። አልፕ በምትኩ 6755399441055744 ይደምርበትና ወዲያው መልሶ ይቀንሰዋል። በቃ፤ ተጠጋግቷል። ይህ ግዙፍ ቁጥር 2 ላይ 52 እና 2 ላይ 51 ሲደመሩ የሚመጣው ነው፤ በዚያ ግዝፈት ላይ ያለ ተንሳፋፊ ቁጥር ለክፍልፋይ የሚሆን ቢት አይተርፈውም። አግዳሚ ወንበር ላይ ከባድ እንግዳ ሲቀመጥ ጫፍ ላይ የነበረው ሕፃን ይወርዳል። እንግዳው ሲነሣ ሕፃኑ የለም፤ የቀሩት ሙሉ ሰዎች ናቸው።

የማይታዘዙ ቁጥሮችስ? አሉ። ስልቱ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይሮ፣ መልሶ፣ ከመጀመሪያው ጋር ያመሳክራል። ያልገጠመውን ለብቻው ያወጣዋል፤ ቦታውን በ16 ቢት፣ ራሱን እንዳለ በ64 ቢት አስቀምጦ። እኔ ይህን ማመሳከሪያ ስጽፍ አንድ ወጥመድ ውስጥ ገብቼ ነበር። «እኩል ናቸውን?» ብዬ ጠየቅሁ። ከደጋ በመጣ የሙቀት መዝገብ ውስጥ -0.04 ወደ አንድ አሃዝ ሲጠጋጋ -0.0 ሆኗል፤ ምልክት ያለው ዜሮ። ፕሮግራሜ ወደ ተራ ዜሮ ለወጠውና «እኩል ናቸው» አለኝ፤ በደረጃው ሕግ መሠረት ሁለቱ ዜሮዎች እኩል ስለሆኑ። እኩል ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ለዋጋ መጠየቅ ትቼ ቢት ለቢት እጠይቃለሁ።

-9999ን አስታወሳችኋት? በ10 ስትባዛ -99990 ትሆናለች። ምድቡ ከእርሷ እስከ 1186 ይዘረጋል፤ 11 ቢት የበቃው አሁን 17 ይጠይቃል። 1408 ባይት የነበረው 2176 ሆነ። አንዲት ሰረዝ 768 ባይት በላች። ፓርኬት የጎደለን ዋጋ «የለም» ብሎ የሚይዝበት የራሱ መንገድ አለው፤ እንዲያ ብናደርግ ኖሮ ምንም አትይዝም ነበር ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የኛ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰረዞችን በእጄ ወደ -9999 የቀየርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ፊቴን ማዞር አልችልም።

ሌላም ነገር አየሁ፤ ይህን ግን አልጠበቅሁም። ከአንዱ ጣቢያ መዝገብ ውስጥ ሳይታዘዙ የወጡትን ቁጥሮች ዘረዘርኳቸው። 7.333333333333333። 12.166666666666666። ዝናብ ለኪ እንዲህ አይጽፍም። የሰው እጅ ያልጻፋቸው ነበሩ፤ የጎደለውን ቀን አንድ ሰው የጎረቤት ጣቢያዎችን አማካይ አስልቶ ሞልቶታል፤ ሞላሁ ሳይል። ማመቂያው የተነበበውን ከተሰላው ለየው። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዘው ማንም የለም።

ከመነሻው አስርዮሽ ላልነበሩ፣ ከስሌት ለወጡ ቁጥሮች አልፕ ሁለተኛ መንገድ አለው፤ ቁጥሩን ሁለት ቦታ ቆርጦ የግራውን በትንሽ መዝገበ ቃላት ይተካል፣ የቀኙን እንዳለ ይተወዋል። ትርፉ ትንሽ ነው። እኔም አልዘገይበትም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ስልቱ ነው። ስልት መፍጠርና ስልትን ወደ ፓርኬት ማስገባት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ያልገባኝም ይህ ነበር። ደክዲቢ የተባለው ዳታቤዝ አልፕን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በወጣው ቅጂው አስገብቶታል፤ ጽሑፉ ከታተመ ገና ወራት ብቻ አልፈውት። ታዲያ ፓርኬት ምን ይጠብቃል? ብዬ ለጓደኞቼ በብስጭት ተናግሬ አውቃለሁ። አሁን አፍራለሁ። ደክዲቢ የራሱን ፋይል የሚጽፈውም የሚያነበውም ራሱ ነው። ቤቱ ውስጥ የፈለገውን ቋንቋ ቢናገር ከራሱ ጋር ይግባባል። ፓርኬት ግን የአደባባይ ነው። በጃቫ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በረስት፣ በጎ፣ በሌላም የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ አንባቢ ፕሮግራሞች አሉት። ዛሬ በአዲስ ስልት የጻፍኩት ፋይል ነገ የሚከፈተው ከአምስት ዓመት በፊት ተጭኖ ማንም ያልነካው አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ሊሆን ይችላል። ያ አሮጌ አንባቢ የማያውቀውን የስልት ቁጥር ሲያገኝ «ይህን አላውቅም» ብሎ ይቆማል።

መቆሙም ጸጋ ነው። የአጎቴን ዲስኬት ስለማስታውስ ነው እንዲህ የምለው። አጎቴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ በአማርኛ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች ብዙ ነበሩ፤ እያንዳንዱም «ለ»ን የሚያስቀምጠው ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ፣ በመሰለው ቦታ ነበር። ግዕዝ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚመድበው በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። አጎቴ የተጠቀመበት ፕሮግራም ጠፋ። ፋይሉ አለ። ስከፍተው ኮምፒውተሩ «አላውቅም» አይልም፤ በልበ ሙሉነት የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ይደረድርልኛል። በየትኛው ሥርዓት እንደተጻፈ የሚናገር አንዲት ባይት እንኳን ውስጡ የለችም። የአያቴ አባት ስም ከቅንፎቹ መካከል አንዱ ነው።

ፓርኬት ከዚህ ዓይነቱ ዕጣ የተረፈው ፋይሉ ስለራሱ ስለሚናገር ነው። ግን እሱም ጠባሳ አለው። ኤልዚ4 የተባለውን የማመቂያ ዘዴ ሲቀበል መግለጫው ላይ የተጻፈው ስሙ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የጃቫው አንባቢ ሀዱፕ የተባለውን የብዙ መረጃ ማስሊያ ሥርዓት ልማድ ተከትሎ መግለጫው ያልጠቀሰውን መጠቅለያ ጨመረበት፤ የሲ ፕላስ ፕላሱ ሌላ አደረገ። ሁለቱም «ኤልዚ4» የሚል መለያ ለጠፉ፤ አንዱ የሌላውን ማንበብ አልቻለም። መጨረሻ ላይ አሮጌው መለያ ተጥሎ፣ ምንም መጠቅለያ የሌለበት መሆኑ በግልጽ የተጻፈ አዲስ መለያ ወጣ። ቢቶችን በመደርደርም እንዲሁ ነው፤ የተተወው የጥንቱ የቢት አደራደር ከትልቁ ቢት ይጀምር ነበር፣ እሱን የተካው ከትንሹ ይጀምራል። አንድ ፋይል ዓይነት፣ ሁለት አቅጣጫ።

ለዚህ ነው ዛሬ አዲስ ኢንኮዲንግ ላስገባ የሚል ሰው ኮድ ይዞ ብቻ የማይመጣው። ዝርዝር መግለጫ ያስፈልጋል። ቢያንስ ሁለት ለየብቻ የተጻፉ ትግበራዎች፣ ማለትም ስልቱን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አለበት። ሌሎች እንዲሞክሩበት ናሙና ፋይሎች በጋራ ቦታ ይቀመጣሉ። ከዚያ ነው የሥራው ኃላፊዎች ድምፅ የሚሰጡት። ካለፈም በኋላ ጸሓፊ ፕሮግራሞች ወዲያው በአዲሱ አይጽፉም፤ አንባቢዎቹ እስኪደርሱ ይጠብቃሉ። ቀርፋፋ ነው። የአጎቴን ዲስኬት መሳቢያዬ ውስጥ ይዤ ቀርፋፋነቱን ልነቅፍ አልችልም።

ሁለት ትግበራ የሚለውን ሕግ በራሴ ላይ ልሞክረው ወሰንኩ። ስቶክሆልም የምትኖር ጓደኛ አለችኝ፤ አብረን ነው የተማርነው፤ እሷ በረስት ትጽፋለች፣ እኔ በሲ ፕላስ ፕላስ። ኮዴን አላሳየኋትም። ስልቱን በሁለት ገጽ፣ በአማርኛ ጽፌ፣ አንድ ምድብ ይኸውም 1024 ቁጥር ያለበትን ፋይል ጨምሬ ላክሁላት። ቁጥሮቹ የምን እንደሆኑ አልጻፍኩም።

በማግስቱ ደወለች። «ያልጻፍከው ነገር አለ» አለችኝ። «ኧረ ሁሉንም ጽፌዋለሁ» አልኳት። የላከችልኝን ውጤት ሳየው የአጎቴን ፋይል መሰለ፤ በልበ ሙሉነት የተደረደረ ትርጉም የለሽ ቁጥር። 11 ቢቶቹን በባይቱ ውስጥ ከትንሹ ጀምሬ እንደደረደርኳቸው የትም አልጻፍኩም። ለኔ ከዚያ ውጭ አደራደር ያለ አይመስለኝም ነበር። እሷ ከትልቁ ጀመረች፤ ለእሷም ያ ብቻ ነበር ያለው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። በሁለተኛው ሙከራ 1024ቱ በሙሉ ሊገጥሙ ጥቂት ቀራቸው። 7.333333333333333 ከቦታው አንድ ቀን ዘግይቶ ተቀምጧል። «የመጀመሪያው ቁጥር ቦታው ዜሮ ነው ወይስ አንድ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ገጽ ጽፌ ይህንንም አልተናገርኩም። አሁን መግለጫው አራት ገጽ ሆኗል፤ ስለ -0.0 ብቻ ግማሽ ገጽ አለው። ኮዱ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ መስመር እንኳን አልተለወጠም።

ሦስተኛው ውጤት የደረሰኝ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ከራሴ ጋር ቢት ለቢት አመሳከርኩት። 1024 ከ1024። ደወልኩላት፤ አልተኛችም።

«ሁሉም ገጥሟል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ዝናብ ነው አይደል? ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ስንት ወር ይቆይና ድንገት ይጀምራል። ሦስት ክረምት ቆጠርኩ።» ትንሽ ዝም አለች። «አንዷን አየኋት፤ 23.4። የሐምሌ ናት?»

«የነሐሴ» አልኳት።